እጁን ያወጣ ውሻውን ይያዝ

የእንየውን መሞት የሰማሁት ወረታ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ድሮ ግብርና መሥሪያ ቤት አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ዘበኛ ከኋላዬ መጣና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «ዘነቡ፣ የውሻው ሐኪም አረፈ አሉ» አለኝ።

«የምን የውሻ ሐኪም?»

«እንየው ነዋ! አንበሳሜ ከተማ፣ ወንድሙ ቤት ነው ያረፈው። ተቀብሯል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

እኔ ሰው ሞተ ሲሉኝ ባለሁበት ጮኬ የማለቅስ ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። ያን ቀን ግን ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። «የውሻ ሐኪም አትበለው!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሽንኩርት ሻጯ ደንግጣ ሚዛኗን ለቀቀችው። ሰውዬው እኮ ዕድሜውን የፈጀው የፎገራን ላምና በሬ ሲያክም ነው! በአባ ሰንጋ ሊያልቅ የነበረ ስንት መንጋ አትርፏል። ውሻ የሚባል ነገር እዚህ ሥራው ውስጥ የገባው ለጥቂት ዓመት ቢሆን ነው፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ። ዘበኛውን ኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ማልቀሱንስ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያንን ነገር ከሥሩ የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። ደንቡን በነዚህ ጣቶቼ የጻፍኩት እኔ ነኝና እኔው ልናገረው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ወረታ ግብርና መሥሪያ ቤት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበርኩ፤ ገና ያላገባሁ፣ ምላሴ የማያርፍ። እንየው ከኛ ቢሮ ጎን ባለች ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ገበሬው ግን ረዳት የሚለውን አያውቅለትም፤ ሐኪም እንየው ነው የሚለው። አጭር ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ ለራሱ የሚያወራ እስኪመስል ቀስ ያለ። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። በመስኮቴ ብቅ ይልና፣ «እንዴት አደርሽ ወይዘሪት መኪና? ዛሬ ደግሞ ማንን ልትከሺ ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ዘመን ከእጄ ከሚወጣው ደብዳቤ ግማሹ ክስ ነበር።

የእንየው ጠባይ የሚታወቀው ከብት ሲያክም ነው። ሌላው ከታቢ ከብቱን በእንጨት መተላለፊያ ያስገባና ቶሎ ቶሎ ወግቶ ይሄዳል። እሱ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልያዘለት መርፌ አያነሣም። «ያንተ ላም ናት፤ አንተ ያዛት። ፊቷን እያየህ ያዛት» ይላል። ገበሬ ደግሞ ጥጃ ሊያዋልድ ይችላል፣ ቁስል ሊያጥብ ይችላል፣ መርፌ ሲያይ ግን ዞር ማለት ይወዳል። እንየው አይለቅም። ከዚያ ለላሚቱ፣ ልክ ለሰው እንደሚናገር፣ «ያማል፤ ግን አጭር ነው» ይላታል። አያምም ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። እኔን ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ ጎንደር ድረስ ሸኝቶኝ፣ በሐኪሙ በር ላይ ይችኑ ቃል አለኝ፤ ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ደህና ሀብት ያላቸው ሰው ወይፈናቸውን በሠራተኛ ላኩ። እንየው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ባለቤቱ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፤ ሰልፉ ሁሉ ተሳደበ፤ እሱ ወይ ፍንክች። ሰውዬው እየተራገሙ መጡና ያዙ። ሲጨርሱ፣ «ለካ እንዲህ ይፈራል?» አሉ። «ይፈራል» አለ እንየው።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣበት የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የክትባት ሪፖርት እያስጻፈኝ ዝናብ ያዘውና መውጫ አጣ። በወጣትነቱ ሩቅ ከተማ፣ መድኃኒት በእንስሳት ላይ የሚሞከርበት ቤት ተቀጥሮ ኖሯል።

«ሥራዬ ውሾቹን ማብላትና መያዝ ነበር» አለኝ። «ጠዋት አበላቸዋለሁ። ረፋድ ላይ እይዛቸዋለሁ። በዚያው እጄ። በሩን ስከፍት ሁሌም ጭራቸውን እየቆሉ ይመጣሉ፤ የመጣሁት ለየትኛው እንደሆነ አያውቁም።»

«ታዲያ ምነው መድኃኒቱ የማይረባ ኖሯል?» አልኩት።

«ኧረ ጥሩ ነበር! ስንት ሰው አድኗል። እኔን ያስመረረኝ ሌላ ነው። እነዚያ አድርግ የሚሉኝ ሰዎች በመስኮት ነበር የሚያዩት። አንዳቸውም አንድ ቀን ገብተው አልያዙም።»

እንግዲህ ውሻ ወዳጅ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ውሻ አልነበረውም። አንድ በጋ ከተማው ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በርትቶ ባለቤት አልባ ውሾች በመርዝ ይጥፉ ሲባል፣ ሥጋውን በመርዝ የለወሰውም ያኖረውም ራሱ ነው። ለዘበኛ ስጠው ሲሉት እምቢ አለ። ምሳ አልበላም እንጂ ሥራውን አላጎደለም።

በሽታው ግን በዚያ አልቆመም። በቀጣዩ ዓመት ሜዳው ላይ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባሉት ቀበሌዎች፣ የተነከሰ ከብት ማየት ተለመደ፤ የተነከሰ ሰውም መጣ። የተነከሰውን ጎንደር ወስደው ሆዱን በመርፌ ያስወጉታል፤ ያልደረሰለት ይሞታል። ያኔ ነው ከላይ፣ የየገበሬ ማኅበሩ ውሻ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ የመጣው።

አየ የኛ ሰው! ይመዝገብ የሚለውን ሲሰማ የመጣለት ግብር ነው። የበሬ ግብር፣ የመሬት ግብር፣ አሁን ደግሞ የውሻ ግብር! የዋርካ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሙላት ራሱ፣ ትእዛዙን ለሕዝቡ ያነበበው ሰውዬ፣ እኔና እንየው ደብተር ይዘን ግቢው ስንደርስ፣ «ውሻ የለኝም» አለን። ከጓሮ ደግሞ ነብሮ የሚባለው ውሻው ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃል።

«ይሄስ?» አለ እንየው።

«የጎረቤት ነው።»

ጎረቤቱ ጋ ሄድን። እሱም ውሻ የለውም፤ እዚያ የሚጮኸው የሙላት ነው፤ የራሱ ጓሮ ውስጥ የተኛው ደግሞ መንገደኛ ነው። አያ ቸኮል የሚባሉ የተከበሩ ገበሬ፣ ሁለት ውሻ በራቸው ላይ ተጋድሞ፣ «እነዚህ ለጥላው ነው የመጡት» አሉን። እንዲህ ስንዞር ውለን፣ ውሻ አለኝ ብሎ ያስመዘገበልን የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ብቻ ሆነ። እነሱን ማን ደብቁ ብሎ ይመክራቸዋል? ማሰሮአቸውን እንገዛለን፤ ቤታቸው ገብተን ግን ውሃ አንጠጣም ነበር። እኔም ያው ነበርኩ፤ አልዋሽም። ተመዝገቡ ሲባሉ፣ እንደ ሰው ተቆጠርን ብለው፣ ደስ ብሏቸው የውሾቻቸውን ስም ሳይቀር አስጻፉ። እትዬ የሺ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሸክላ ሠሪ፣ «ቡላ በሉልኝ፤ ስሙ ቡላ ነው፤ እንዳትሳሳቱ» አሉን።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ዶክተር መጡ። ወጣት ናቸው፤ ትሑት፤ ጫማቸው በጭቃችን ተበላሽቶ እንኳ አላማረሩም። አዲስ የውሻ ክትባት እንዳለ፣ በኛ አገር ውሾች ላይ መሞከር እንዳለበት ነገሩን። አብሮም አንድ ረቂቅ ውሳኔ አመጡ። የዋርካ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ሃያ ውሻ ይሰጣል፤ የውሾቹን ቀለብ፣ የበረቱን ማሠሪያና የጠባቂውን ደመወዝ ደግሞ ከማኅበሩ ገንዘብ ይሸፍናል። የማኅበሩ ገንዘብ ማለት ለወፍጮ የተዋጣው ነው። ሴቶቹ እህል ተሸክመው ወረታ ድረስ መመላለሱ ስላስመረራቸው፣ እንቁላል እየሸጡ ሳይቀር ያዋጡት ነው።

እኔ ረቂቁን ልጽፍ ስሰናዳ እንየው ዶክተሩን አጠገቤ ቆሞ ጠየቃቸው።

«ሃያውን ምን ያደርጓቸዋል?»

«አሥሩን እንከትባለን፤ አሥሩን እንተዋለን። ከዚያ ለሁሉም በሽታውን እንሰጣቸዋለን።»

«ያልተከተቡት ይታመማሉ።»

«ይታመማሉ።»

«ያብዳሉ ይበሉኝ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያብዳሉ» አሉ። «የተከተቡት ካላበዱ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ይገደላሉ፤ አንጎላቸው መመርመር አለበት። ሐኪም፣ ነገሩ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። እርስዎ ግን የተነከሰ ልጅ ሲሞት አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አለ እንየው። «እውነቱን ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ማን ነው የሚይዛቸው?»

«እርስዎ ልምድ አለዎት አሉኝ።»

እንየው ወጥቶ እጁን ታጠበ፤ ምንም ሳይነካ።

ሃያዎቹ ውሾች ከመዝገብ ተመረጡ። መዝገቡ ውስጥ ያለው ደግሞ የሸክላ ሠሪው ውሻ ብቻ ነው። ሙላት ስም ዝርዝሩን በደስታ ፈረመ፤ ከገበሬው አንድ ውሻ ሳይነካ ትእዛዝ መፈጸም ማለት እኮ ለሊቀመንበር ሠርግ ነው። በሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ ቡላን በገመድ አስረው፣ ነጠላቸውን አጥበው ለብሰው፣ እንየው በር ላይ ቆሙ።

«ሐኪም፣ ቡላን ለመርፌ መረጣችሁልኝ አሉኝ። ተባረኩ! ይኸው አምጥቼዋለሁ።»

ሴትየዋ ነገሩ እንደ ከብት ክትባት መስሏቸዋል። እኔ በመስኮት ሆኜ ልቤ ስንጥቅ አለ። እንየው ድንጋዩ ላይ አስቀመጣቸውና ነገራቸው፤ አንድ ሳያስቀር፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ። እትዬ የሺ አላለቀሱም። ቡላን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉት።

«የገበሬዎቹስ ውሻ?» አሉ በመጨረሻ።

«በመዝገብ የላቸውም።»

«እህ! ታዲያ ሜዳው ላይ ሁሉ የሚጮኸው ምንድን ነው፤ ቄሱ ናቸው?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ሐኪም፣ እኔ ሊቀመንበሩ ፊት ቆሜ ልናገር አልችልም። እርስዎ ግን ይችላሉ።»

«ጉባኤ ላይ ድምፅ የለኝም እትዬ የሺ። አባል አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ቡላን ይዤው ልሂድ?»

«ይዘውት ይሂዱ» አለ። «ለዛሬ።»

ያን ቀን ከሰዓት መስኮቴ ላይ መጣ። ወይዘሪት መኪና አላለኝም፤ ቀልዱን ትቶታል። «በረቂቁ ላይ ሁለት አንቀጽ ጨምሪልኝ» አለኝና ቆሞ አስጻፈኝ። እስካሁን በቃሌ ነው። «የማኅበሩ ገንዘብ ውሻ ለሚሞከርበት ሥራ የሚወጣው ጠቅላላ ጉባኤው በግልጽ እጅ አውጥቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እጁን ያወጣ አባል ሁሉ፣ ሥራው በሚሠራበት ቀን፣ በየተራው ውሻውን ራሱ ይይዛል።»

ጣቴ መኪናው ላይ ቀረ። «ጋሼ እንየው፣ ይሄ እኮ ያስበላሃል! የላይኛውን ትእዛዝ አደናቀፈ ቢሉህስ?»

«ምን ከለከልኩ? አንብቢው እስኪ። አድርጉ ነው የሚለው።»

«እኔን ግን አታሞኘኝም።»

«አንቺንማ አላሞኝሽም» አለ። «ፈርቻለሁ ዘነቡ። ያም ሆኖ ጻፊው።» ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ፤ ጻፍኩት፤ በሦስት ካርቦን።

ዶክተሩ አንቀጹን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሥራው ከሕዝብ አለመደበቁ ጥሩ ነው ብለው ተስማሙ። ሙላትም የዶክተሩን ፊት አይቶ ተስማማ። በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። እኔ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። እንየው ከሕዝቡ ወጣ ብሎ፣ ገመድ በክንዱ ላይ ጠምጥሞ ቆመ። እትዬ የሺ ቡላን ይዘው ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ጥግ ላይ ነበሩ። ሙላት እንደ ወጉ መፈክሩን አሰማ፤ ሁሉም እኩል ስለመሆኑ ተናገረ፤ ከዚያ ደንቡን አነበበ። ደንቡን ማንም አልተቃወመም። ያዳመጠውም ጥቂት ነው።

«ገንዘቡ ለሙከራው እንዲወጣ የምትደግፉ!» አለ ሙላት።

የገበሬው እጅ ሁሉ ወጣ። ምን ቸገራቸው፤ ውሻ የላቸውም።

እንየው ያኔ ቀረብ አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በደንቡ መሠረት የሚይዙትን ስም ላስጽፍ» አለ። ፈቃድ አገኘ። «አያ ቸኮል፣ ይጀምሩልኝ። የመጀመሪያውን ውሻ እርስዎ ይይዛሉ። በሽታው ሲሰጠውም፣ ሲያብድም፣ ሲገደልም እርስዎ ነዎት። አንገቱን አቅፈው ከጎን ነው የሚይዙት፤ አሳይዎታለሁ።»

አያ ቸኮል እጃቸውን እንዳወጡ ዙሪያቸውን አዩ። «እኔ? በእጄ?»

«እጅዎን ስላወጡ ነው።»

እጃቸው ወረደ። «እኔ ከውሻ ጋር እንደዚያ አልሆንም» አሉ፤ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ መምሬ አዱኛ ነበሩ፤ የደብሩ ቄስ። እሳቸውማ ስማቸው ሳይጠራ፣ «እኔ መቅደስ ገቢ ነኝ፤ ውሻ አልዳብስም» ብለው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱት። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ግን እጅ በየቦታው መውረድ ጀመረ፤ እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ አንድ ስም መጻፍ አልቻልኩም። አንዱን ስቀርበው ያወርዳል፤ ሌላውን ስቀርበው ያወርዳል።

በመጨረሻ አንድ እጅ ቀረ፤ የሙላት። ሊቀመንበር ነው፤ የላይ ሰው እያየው ነው፤ ማውረድ አይችልም። ላብ በላብ ሆኗል። «እኔ እይዛለሁ!» አለ። «ሃያውንም ቢሆን እይዛለሁ!»

ይኸን ሲል ነብሮ፣ ያ የጎረቤት የተባለው ውሻ፣ የጌታውን ድምፅ ሰምቶ በሰው እግር መሀል ሾልኮ መጣና ሙላት እግር ሥር ተጋደመ።

እንየው ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ የማን ነው ጓድ ሊቀመንበር?»

«የ… የጎረቤት ነው።»

ጎረቤቱ ከተቀመጠበት ራሱን ነቀነቀ፤ የሱም አይደለም።

«ባለቤት ከሌለውማ የማንንም ሀብት አንነካም» አለ እንየው፣ ያለ ፌዝ፣ ገመዱን ከክንዱ እየፈታ። «በዚህ እንጀምር። ይያዙልኝ።»

ሙላት ተንበረከከ። ነብሮ አገጩን ላሰው። ሰውዬው ሁለት እጁን የውሻው አንገት ላይ አድርጎ ቆየ፤ ቀና ብሎም ዶክተሩን አላየም፣ እንየውንም አላየም።

«የኔ ነው» አለ። ድምፁ ብዙም አልተሰማም። ደገመው። «የኔ ነው። ቡችላ ሆኖ ነው ያሳደግሁት።»

ከዚያ ወዲያ ጉባኤው ጉባኤ አልሆነም። አንዱ ከወዲያ፣ «የኔም ሁለት ናቸው፤ ግብሩን እከፍላለሁ!» አለ። አያ ቸኮል እነዚያ ለጥላው የመጡት ውሾች የሳቸው መሆናቸውን አመኑ። እትዬ የሺ ከጥጋቸው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። ገንዘቡ ለወፍጮው ቀረ። ዶክተሩ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። እንየውን ለብቻው ወስደው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አልቀየምዎትም» አሉት። «ግን ይኸ ጊዜ ይፈጃል። በመሀሉ የሚነከስ ሰው ይኖራል።»

«አውቃለሁ» አለ እንየው። «ሌላ ቦታ የሚይዝ ሰው ያገኛሉ። እኛም ያኔ እናመሰግናለን።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ እንጀራዬ ነበርና። አነበበውና፣ «ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል» ብሎ ኪሱ ከተተው። የዚያን ሰሞን ሜዳው ሁሉ በፍቅር ያወራለት ነበር። የውሻው ሐኪም ያሉትም ያኔ ነው፤ ሲጀመር ለሙገሳ ነበር፤ ለአሽሙር የዞረው ኋላ ነው።

በተከታዩ ክረምት የአያ ቸኮልን ልጅ ውዴን፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ እብድ ውሻ ነከሳት። ርብ ሞልቶ መንገዱ በውሃ ተቆርጦ ነበር። መጀመሪያ ሥር አጠጧት፤ ከዚያ ጠበል ወሰዷት፤ ውሃው ጎደል ሲል ወረታ አመጧት። እንየው በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ጎንደር ድረስ አቅፏት ሄደ። አልደረሰላትም። ሬሳዋን ይዘው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ አባትየው ከፊት፣ እንየው ከኋላ።

ለቅሶው ቤት ሦስቱንም ቀን ሄደ። በር አጠገብ፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሰዉ ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ «ያ ሙከራ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ…» እያለ ይንሾካሾካል፤ እሱ እየሰማ። እነዚያው እጃቸውን ያወረዱት ናቸው እኮ! አያ ቸኮል ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ክፉም ደግም።

ከለቅሶው አብረን ስንመለስ፣ ጭቃው ላይ እየተደጋገፍን፣ ቆም አለና፣ «ተሳስቼ ይሆን?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

ምናለ አልተሳሳትክም ብዬው ቢሆን? ወይም ተሳስተሃል ብዬው ቢሆን? እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው ሴት፣ በዚያች ሰዓት ያገኘሁት ቃል ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱም ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። እንደ ልማዱ በመስኮቴ ብቅ ብሎ አይጫወትም፤ ከብት ሲያክምም ያቺን «አጭር ነው» የምትል ቃሉን ተዋት፤ «ያማል» ብቻ ይላል።

ክትባቱ ሁለት ዓመት ቆይቶ መጣ። ሌላ አገር ተሞክሮ፣ ሠርቶ፣ በበረዶ ታሽጎ ነበር። እንየው ሳጥኑን ከፈተና ብልቃጦቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። «ለእነዚህ ሲባል ውሾቹን የያዘ ሰው አለ» አለ። «የት እንዳለ ባውቅ ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር።» ከዚያ መርፌውን መቀቀል ጀመረ።

ክትባቱ የተሰጠው እዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ነው። የዋርካ ሜዳ ሰው ሁሉ ውሻውን ይዞ መጣ፤ ግብርም የለም፣ መደበቅም የለም። እትዬ የሺ ቡላን ይዘው ከፊት ተሰለፉ፤ ማንም ወደ ኋላ ሂዱ አላላቸውም። ሙላት ነብሮን አቅፎ መጣ። መምሬ አዱኛ እንኳ የእኅታቸውን ልጅ ውሻቸውን አስይዘው ልከው፣ እሳቸው አጥሩ ላይ ቆመው በሩቅ አዘዙ። እኔ ስም እመዘግባለሁ፤ እንየው ይወጋል፤ ባለቤት ይይዛል። ሰልፉ እያጠረ ሄደ፤ ፀሐይዋ ወደ ጣና አዘቀዘቀች።

መጨረሻ ላይ አያ ቸኮል መጡ። ሸምግለዋል። ከሁለቱ ውሾች አንዱ ነው የቀራቸው፤ ውዴ ትጋልበው የነበረው። ሳይነገራቸው መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ከጎን ሆነው፣ አንገቱን አቅፈው ያዙት። እንየውም ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። መርፌውን ይዞ ሳለ አያ ቸኮል ቀና ብለው አዩት።

«ዘገየህ፣ እንየው» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም።

«አዎ አያ ቸኮል» አለ። «ዘገየሁ።»

ወጋው። ውሻው አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። እንየው መርፌውን ሳር ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን ከውሻው ጀርባ ላይ አላነሣም፤ አያ ቸኮልም አንገቱን አልለቀቁም። ውሻውን መሀል አድርገው እንዲያ ተንበርክከው ቆዩ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ ስላልነበረ፣ ማንም ተነሡ አላላቸውም።